ሁለት ኢንተርቪው ብቻ ለመጣላችሁ፦ ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ተምሬ፣ በሦስት ኢንተርቪው ብቻ አሜሪካ በኢንተርናል ሜዲስን (የውስጥ ደዌ ሕክምና) ማች ያደረግኩ ሐኪም ነኝ። ማች ማለት አመልካች ሐኪሞችና የሆስፒታል ሥልጠና ፕሮግራሞች አንዱ ሌላውን በምርጫ ደርድረው በኮምፒውተር ስሌት የሚገናኙበት ምደባ ነው። ለእረፍት መጥቼ ቸርችል ጎዳና አንድ ካፌ ተቀምጫለሁ። ማኪያቶዬ እስኪያልቅ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ያን ሁሉ ፕሮግራም አመልክቼ የመጣልኝ ሁለት ብቻ ነው። ተስፋ አለው?

መልስ፦ አለው። ከአሜሪካ ውጭ ከተማሩና ዜግነታቸውም የሌላ አገር ከሆነ አመልካቾች መካከል በ2024 እ.ኤ.አ. ማች ያደረጉት 58 በመቶ ገደማ ናቸው። ሁለት ያለውና አሥር ያለው እኩል ነው ብዬ ግን አልዋሽህም። የፈተና ነጥብህን አይተው ነው የጠሩህ፤ አሁን የሚያዩት ሌሊት አብረውህ ተረኛ መሆን ይፈልጉ እንደሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ምን ላጥና?

መልስ፦ ጥያቄዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ራስህን አስተዋውቅ፣ ለምን እኛን መረጥክ፣ የከበደህ ታካሚ፣ የሠራኸው ስህተት። እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚጥለን ሌላ ነገር ነው፤ ይሉኝታ። «እኔ» ማለት ትዕቢት ይመስለንና «አየነው፣ ወሰንን፣ አከምነው» እንላለን። የመጀመሪያ ኢንተርቪዬን ያበላሸሁት እንዲህ ነው። ኢንተርን ሳለሁ ኬቶአሲዶሲስ (በስኳር ሕመም ደም ውስጥ አሲድ የሚበዛበት አደገኛ ሁኔታ) ይዞት የገባ ልጅ ነበር፤ የኢንሱሊን ፓምፕ የለም፣ የፖታሲየም ውጤት እስኪነጋ አይመጣም። ግሉኮሜትር ይዤ በየሰዓቱ እየለካሁ አልጋው አጠገብ ያደርኩት እኔ ነኝ። ስናገር ግን ሁሉን «እኛ» አልኩት። ጠያቂው «የአንቺ ድርሻስ ምን ነበር?» ሲለኝ ዝም አልኩ። ያ ፕሮግራም አልወሰደኝም፤ አልፈርድበትም። እንዲህ ያሉ አምስት ታካሚዎችን አስብ፤ ምን አየህ፣ ምን ወሰንክ፣ ምን ሆነ የሚለውን ጮክ ብለህ በእንግሊዝኛ ለጓደኛህ ተናገር። እንደ ግጥም ግን አትሸምድድ፤ ያስታውቃል።

ጥያቄ፦ ከተመረቅኩ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ቢጠይቁኝስ?

መልስ፦ ይጠይቁሻል። ጤና ጣቢያ ከሠራሽ የሠራሽውን ተናገሪ፤ ይቅርታ አትጠይቂ።

ጥያቄ፦ ከዚህ ሆኜ በዙም ነው የምጠየቀው፤ ሰዓቱ ግራ አጋባኝ።

መልስ፦ ብዙ ሰው ያጋባል። አሜሪካኖቹ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ከዚያ በፊት ከኒውዮርክ በ7 ሰዓት እንቀድማለን፣ ከዚያ በኋላ በ8። ስለዚህ የእነሱ ጠዋት 9:00 በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት የነበረው 11 ይሆናል። የሁለቱንም ቴሌኮም ሲም ያዝ፣ ላፕቶፕህን ቀድመህ ቻርጅ አድርግ። የጥምቀት ሰሞን ስድስት ኪሎና ጃንሜዳ አካባቢ ከሆንክ ደግሞ ቦታ ቀይር።

ጥያቄ፦ ቪዛ እንደሚያስፈልገኝ ልንገራቸው?

መልስ፦ አትደብቂ። ለጄ-1 (የሥልጠና ቪዛ) ከጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ስትጨርሺም ሁለት ዓመት አገርሽ የመመለስ ግዴታ አለበት። ለኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ስቴፕ 3ን፣ የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ የመጨረሻውን ፈተና፣ ማለፍ አለብሽ።

ጥያቄ፦ ራንክ ሳደርግ (ፕሮግራሞቹን በምርጫዬ ስደረድር) ሊወስደኝ የሚችለውን ላስቀድም?

መልስ፦ በፍጹም! የምትወደውን አስቀድም። የማቹ ስሌት የሚነሳው ከአንተ ዝርዝር ነው፤ የመጀመሪያው ባይወስድህ በሁለተኛው ላይ ያለህ ዕድል አይቀንስም። የአሁኑን ስሌት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሻሻሉት አንዱ አልቪን ሮዝ በ2012 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ከተጋሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። ከሁለት ኢንተርቪው አንዱን ከዝርዝር ማውጣት ደግሞ እዚያ ከመሥራት ዓመቱን መድገም ይሻለኛል ላለ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ካልሆነስ?

መልስ፦ በማርች የማች ሳምንት ሰኞ ማች ማድረግህን ወይም አለማድረግህን ትሰማለህ። ካላደረግክ ለቀሩት ክፍት ቦታዎች በሶፕ (ማች ላላደረጉ በሚዘጋጀው ተጨማሪ ዙር) እስከ 45 ፕሮግራም ታመለክታለህ። ሁሉ ነገር በቀናት ውስጥ ስለሚያልቅ ወረቀትህን በፌብሩዋሪ አዘጋጅ፤ ስልክህንም አታጥፋ።

ጥያቄ፦ በዙም ነው፤ ከረባት ልሰር?

መልስ፦ እሰር። ሱሪም ልበስ፤ መብራት ሲጠፋ መነሳትህ አይቀርም።