ለትንንሽ ድረ ገጾች ፒኤችፒ፣ ፓይተን ወይስ ኖድ?

«ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ትንሽ ጃቫስክሪፕት እችላለሁ፤ ለትንንሽ ድርጅቶች ድረ ገጽ መሥራት ነው የምፈልገው፤ በሰርቨር በኩል የትኛውን ቋንቋ ልማር?» ብለሃል ወንድሜ። በሦስቱም ሠርቻለሁ። ለአንተ ሥራ ፒኤችፒ እላለሁ።

«ፒኤችፒ እኮ ሞቷል» የሚሉህ ይኖራሉ። አትስማቸው። ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ዎርድፕረስ ዛሬም የሚሠራው በእሱ ነው። ርካሽ ሆስቲንግ (ድረ ገጽህን ኢንተርኔት ላይ የሚያኖርልህ አገልግሎት) ሁሉ ማለት ይቻላል ይቀበለዋል። ሥራውን ብትተወውም የሚረከብ ሰው አይጠፋም። ደንበኛህ በምን ቋንቋ እንደጻፍከው አይጠይቅህም፤ ሲበላሽ የሚያስተካክልለት ይፈልጋል።

እኔ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ፒኤችፒን ትቼ ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ ወደሚያስኬደው ኖድ የሄድኩት ከፊትም ከኋላም ጃቫስክሪፕት መጻፍ ስላስደሰተኝ ነበር። እውነትም ደስ ይላል። አንድ ቀን ግን ከትልቅ ፋይል ሪፖርት የሚያወጣ ኮድ ጨመርኩ። አንድ ሰው ሪፖርቱን ባዘዘ ቁጥር ድረ ገጹ ለሁሉም ቀጥ ይል ጀመር። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን ሆስቲንጉ ላይ ፈለግሁ። ችግሩ ለካ የራሴ ኮድ ነው። ኖድ ጃቫስክሪፕትህን የሚያስኬደው በአንድ ትሬድ፣ ማለትም በአንድ የሥራ መስመር ነው። ከዳታቤዝ መልስ እስኪመጣ ሌላውን ያስተናግዳል፤ ለቻት ዓይነት ሥራ ግሩም የሆነው ለዚህ ነው። ከባድ ስሌት ከያዘው ግን ሁሉም ይሰለፋል። ስሌቱን ለብቻው ወደሚሄድ ሌላ ፕሮሰስ ሳወጣው ተስተካከለ። በተለመደው የፒኤችፒ አሠራር እያንዳንዱ ሪኩዌስት (ከጎብኚ የሚመጣ ጥያቄ) ለብቻው ተጀምሮ ለብቻው ያልቃል። አንዱ ቢንቀራፈፍ ሌላውን ይዞ አይቆምም። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ፓይተንም ጥሩ ነው። ጃንጎ የሚባለው የፓይተን ፍሬምወርክ (ተዘጋጅቶ የሚሰጥ የኮድ ማዕቀፍ) የአድሚን ገጹን አዘጋጅቶ ስለሚሰጥህ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ወደ ዳታ ትንተና ማምራት ካሰብክ እሱን ያዝ።

ፒኤችፒን ከመረጥክ ግን አደራ፣ ከአሮጌ ትምህርት ራቅ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ፒኤችፒ 7 በፊት የተጻፉት ብዙዎቹ መጥፎ ልማድ ያስይዛሉ። ተጠቃሚው የጻፈውን እንዳለ ኤስኪውኤል (ዳታቤዝን የምናዝበት ቋንቋ) ውስጥ የሚሰካ ኮድ ካየህ ገጹን ዝጋው። እንዲህ ያለ ኮድ ዳታቤዝህን ለማንም ይከፍታል። ፒኤችፒን ከዳታቤዝ የሚያገናኘውን ፒዲኦን ከነፕሪፔርድ ስቴትመንቱ ተማር፤ ይህ ተጠቃሚው የጻፈውን ከኤስኪውኤል ትእዛዙ ለይቶ የሚልክ ዘዴ ነው።

የፒኤችፒው ፍሬምወርክ ላራቬል ትንሽ ይቆይ። መጀመሪያ ፎርም፣ ሎጊንና ሴሽን (የገባውን ተጠቃሚ ከገጽ ገጽ የሚያስታውሰውን) በራስህ እጅ ሥራ፤ ላራቬል የሚሠራልህ ምን እንደሆነ ያኔ ይገባሃል። ሎጊኑ ላይ ከተያዝክ ኮዱን አሳየኝ፣ አብረን እናየዋለን።