መልስ፦ ልጇ ጽኑ ሕክምና ክፍል የገባባትን እህቴን እንዴት ላግዛት?

እህቴ፣ እህትሽ በሰባት ወሯ ወልዳ ሕፃኑ ጽኑ ሕክምና ክፍል እንደገባና ምን ብለሽ እንደምትጠይቂያት እንደጨነቀሽ ጽፈሻል። መጀመሪያ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በያት። ብዙ ሰው ልጁ ይውጣ እንጂ ብሎ ዝም ይላል። እሷ ግን ወልዳለች፣ እናት ሆናለች።

ትልቁ እገዛ ልጇ አጠገብ እንድትቆይ ማመቻቸት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በተቻለ ፍጥነት ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ቢታቀፉ ይመረጣል። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ይህ ነው። በራሱ መተንፈስ ያቃተው ሕፃን ግን ሐኪሞቹ እስኪፈቅዱ ይጠብቃል። አባትም ማቀፍ ይችላል፤ ባሏ ከፈራ አንቺ አበረታችው፣ እባክሽ።

ወተቷም ለልጁ መድኃኒት ነው። መጥባት ባይችል እንኳ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ማለብ አለባት። እንገሩ ጠብታም ብትሆን እንዳትደፋ! ይህ ሁሉ ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዘሽላት ሂጂ፤ እስክትጨርስም አጠገቧ ተቀመጪ።

ብዙ ጊዜ እናት ቀድማ ትወጣለች፣ ልጅ ይቀራል። ያኔ የታክሲውን ወጪና የቤቱን ሥራ ተካፈሏት። «ስንት ኪሎ ሆነ?» እያላችሁ በየቀኑ አትጠይቋት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት መቀነሱ የተለመደ ነው። ጉንፋን ከያዘሽ ደግሞ እስኪሻልሽ በስልክ ብቻ አግኛት።