«ከፍለነዋል» አይበቃም

ጥያቄ፦ በአንድ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ ነገረ ፈጅ ነኝ። «የሕግ ክፍል» ይባላል እንጂ ክፍሉ እኔ ብቻ ነኝ። ሰሞኑን ነገር ተደራረበብኝ። አንድ የሽያጭ ባልደረባችን ከደንበኛ ጋር የተፈራረምነውን ውል እንዳለ ቻትጂፒቲ ላይ ለጥፎ «አሳጥርልኝ» ማለቱን ሊፍት ውስጥ በወሬ ሰማሁ። በዚያው ሳምንት የሞባይል መተግበሪያችንን በኮንትራት የሠራልን ልጅ ለተፎካካሪያችን ተመሳሳይ ነገር እየሠራ መሆኑን ደረስንበት። ሲጠየቅ «ኮዱ የራሴ ነው» አለ። ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ «ከፍለነዋል እኮ! ምን ያወራል?» ብሎ ስልኩን ዘጋበት። እኔ የታዘዝኩት ለሁሉም ነገር ፖሊሲ እንድጽፍ ነው። ከየት ልጀምር? እርስዎ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆዩ ሳያድበሰብሱ ይንገሩኝ።
ብቸኛዋ ነገረ ፈጅ

መልስ፦ እህቴ፣ ከፖሊሲው አትጀምሪ። እሱ ይደርሳል።

ዛሬውኑ የሚያስነሳሽ የተለጠፈው ውል ነው። የሽያጩን ባልደረባ ቢሮሽ አትጥሪው። ከጠራሽው ሁሉን ሰርዞ ነው የሚመጣልሽ። አንቺ ወደ ጠረጴዛው ሂጂና «ምን አደረግህ?» ሳይሆን «እስቲ አሳየኝ» በይው። የገባው በግል አካውንቱ ነው ወይስ ድርጅቱ በሚከፍልበት? ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በግል አካውንት የገባ ጽሑፍ ተጠቃሚው ይህን የሚፈቅደውን ሴቲንግ ካላጠፋው ቻትጂፒቲን የሚያንቀሳቅሰውን ሞዴል ለማሠልጠን ሊውል ይችላል። ለድርጅቶች የሚሸጠው አገልግሎት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን እንደማያደርግ በውሉ ያስቀምጣል። ቀኑን፣ የለጠፈውንና የተመለሰለትን ስክሪንሾት አድርጊ። መሰረዙ ከዚያ በኋላ ይሁን። «ሰርዤዋለሁ» ማለት ደግሞ ሁልጊዜ ጠፍቷል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ ተጠቃሚዎች የሰረዟቸውን ጭምር ለክርክር ማስረጃነት እንዲያቆይ አዞት ነበር።

ከዚያ ወደ ውሉ ተመለሺ። የምስጢር አንቀጹ ምን ይላል? ለደንበኛው ማሳወቅ ግዴታ ነው? ውስጡ የሰዎች ስምና ስልክ አለ? የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ሕግ የሚመለከታችሁ ከሆነ፣ የግል መረጃ ጥሰት ለተቆጣጣሪው የሚነገረው ካወቃችሁበት ጊዜ ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። በሰዎቹ ላይ አደጋ የማያስከትል ከሆነ ባትነግሪም ይቻላል። ግን ለምን እንዳልነገርሽ ጽፈሽ አስቀምጪ። ይህ ጥሰት ነው አይደለም የሚለው ራሱ ሊያከራክር ይችላል። ያም ሆኖ «መቼ አወቃችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ከመጣ የሊፍቱ ወሬ መልስ ውስጥ ይገባል። ሰምተሽ ሳምንት አትቀመጪ።

የሽያጩን ልጅ ግን አታስቀጪው። በዚህ የተነካ እሱ የመጀመሪያው አይደለም። በ2023 የሳምሰንግ መሐንዲሶች የድርጅቱን ሶርስ ኮድ (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) እዚያው ቻትጂፒቲ ላይ አስገብተው ተገኝተዋል። ድርጅቱም በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መሰል አገልግሎቶችን በሥራ መሣሪያዎቹ ላይ ከለከለ። ስለ ክልከላ የእኔን አስተያየት ከፈለግሽ፣ ምትክ ካልሰጠሽ ሰው ሥራውን ወደ ስልኩ ያዞረዋል። ያኔ ጭራሽ አታዪውም።

አሁን ወደ ኮዱ። ሥራ አስኪያጅሽ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ደግሞ ብቻቸውን አይደሉም። ወንበር ስትገዢ ከፍለሽ ትወስጃለሽ፣ አለቀ። የቅጂ መብት እንደዚያ አይሄድም። ቅጥር ሠራተኛ በሥራው የጻፈው ኮድ በብዙ አገሮች ለአሠሪው ይሆናል። በኮንትራት የመጣ ሰው የጻፈው ግን፣ በጽሑፍ ካላስተላለፈላችሁ፣ በብዙ አገሮች የራሱ እንደሆነ ይቀራል። እናንተ የከፈላችሁት ለመጠቀሚያ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። በ1989 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ አለ። ለቤት አልባዎች የሚሟገት ድርጅት አንድ ቀራጺ ሐውልት እንዲሠራለት አደረገ። ሐሳቡ የድርጅቱ ነበር፣ ወጪውንም ሸፈነ። ፍርድ ቤቱ ግን ቀራጺው በራሱ ስቱዲዮ፣ በራሱ መሣሪያ የሠራ ሰው እንጂ ተቀጣሪ አይደለም አለ። ድርጅቱም «ያሠራሁት እኔ ነኝ» በማለቱ ብቻ ባለመብት አልሆነም።

ስለዚህ መተግበሪያውን ከሠራው ልጅ ጋር የተፈራረማችሁትን አውጪና አንድ ነገር ፈልጊ። ግሡን። «መብቱን ለማስተላለፍ ተስማምቻለሁ» ነው የሚለው ወይስ «በዚህ ውል መብቱን አስተላልፌያለሁ»? ለቋንቋ ብዬ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ለዩኒቨርሲቲው የፈረመው የመጀመሪያውን ዓይነት ነበር። ቆይቶ ሴተስ ወደሚባል ኩባንያ ለሥራ ሲሄድ የሁለተኛውን ዓይነት ፈረመ። ነገሩ በደም ውስጥ ያለ ኤችአይቪን የመለኪያ ዘዴ ፓተንት ነበር። የሴተስን ድርሻ ሮሽ የሚባል ኩባንያ ገዛው፣ ዩኒቨርሲቲውም ከሰሰው። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2009 ያ ተስፋ ነው፣ ይሄ ግን ዝውውር ነው ብሎ ለሁለተኛው ወረቀት አደላ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2011 ለዩኒቨርሲቲው በሌላ መንገድ አልደረሰለትም። በአንድ ግሥ ጊዜ የተነሳ! እኔ ከዚያ ወዲህ የዝውውር አንቀጽ ሳነብ ከግሡ ነው የምጀምረው።

ውላችሁ ዝም የሚል ከሆነ ወይም «አስተላልፋለሁ» ብሎ የቆመ ከሆነ፣ ከልጁ ጋር አትጣሉ። ስልኩን የዘጉት ሥራ አስኪያጅ ቢደውሉለት ይሻላል። ያልተከፈለ ቀሪ ሂሳብ ካለ እድለኛ ናችሁ። የዝውውር ሰነዱ ተፈርሞ ክፍያው ይለቀቅ። ከሌለም ትንሽ ጨምራችሁ ብትገዙት ከሙግቱ ይረክሳል። በዚያው ሶርስ ኮዱን እንዲያስረክብ አድርጊ። መተግበሪያው ስቶር ላይ የተጫነበት አካውንት በማን ኢሜይል እንደተከፈተም ጠይቂ። በልጁ የግል ኢሜይል ከሆነ ኮዱ የእናንተ ሆኖ እንኳ አፕዴት ማድረግ አትችሉም። የተጠቀመባቸውን የኦፕን ሶርስ ክፍሎች፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ለማንም ክፍት ያደረጓቸውን ኮዶች፣ ዝርዝርም ተቀበዪው። ጂፒኤልን የመሰለ ፈቃድ ያለበት ካለ፣ መተግበሪያውን ስታሰራጩ ኮዳችሁንም እንድትሰጡ ሊያስገድድ ይችላል።

ለተፎካካሪ መሥራቱ ብቻውን ግን ጥፋት አይደለም። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውን ኮድ ነው፣ ሐሳቡን አይደለም። መብቱ የእናንተ ከሆነ በኋላ ፋይሎቻችሁን ገልብጦ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የደንበኛ ዝርዝር ወይም የዋጋ ስሌት ይዞ ሄዶ ከሆነም የምስጢር ጉዳይ ይሆናል።

እና ፖሊሲው። እኔ አንድ ጊዜ 14 ገጽ የመረጃ አያያዝ ፖሊሲ ጽፌ ሁሉንም ሠራተኛ አስፈርሜ ነበር። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ከወር በኋላ ሽያጭ ክፍል ተቀምጬ አንዱ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። ሊያሳየኝ የፈለገው ሌላ ነገር ነበር። እኔ ያየሁት ግን የሥራ ግሩፓቸውን ነው። የደንበኞች መታወቂያ ፎቶ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። አባላቱን ስናይ 4ቱ ሥራ የለቀቁ ናቸው። «ፖሊሲውን አልፈረምክም?» አልኩት። «ፈርሜያለሁ፣ ግን ሲስተሙ ፎቶ አይቀበልም» አለኝ። ፋይሉ ትልቅ ሲሆን ይመልስባቸው ነበር። አይቲ ክፍል በሁለት ቀን አስተካከለው። ግሩፑም ተዘጋ፣ ፎቶዎቹም ከየስልኩ እንዲጠፉ አደረግን። 14ቱን ገጽ ወደ 2 ያሳጠርኩት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አንቺም ሁለት ሳምንት በየክፍሉ እየዞርሽ ስክሪን እዪ። ከዚያ ጻፊ።

ሌላ አጭር ጥያቄ፦ እኔም የድርጅት ነገረ ፈጅ ነኝ። ለኃላፊዎች የምጽፈው የሕግ ምክር ከድርጅቱ ውጭ እንዳለ ጠበቃ (የውጭ ጠበቃ) ምክር በምስጢርነት ይጠበቃል?

መልስ፦ እንደ ቦታው ነው ወንድሜ። አሜሪካ ውስጥ በጥቅሉ ይጠበቃል፣ የሕግ ምክር እስከሆነ ድረስ። የንግድ ምክር ከሆነ አይሸፈንም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በ2010 በአክዞ ኖቤል ኩባንያ ጉዳይ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በሚያካሂደው የውድድር ሕግ ምርመራ የተቀጣሪ ጠበቃ ምክር አይጠበቅም ብሏል። ምክንያቱም የሚመክረው ድርጅት ራሱ ቀጣሪው ስለሆነ እንደ ውጭ ጠበቃ ነፃ አይደለም። እዚያ ሥራ ካላችሁ ከባዱን ምክር የውጭ ጠበቃ ራሱ ይጻፈው። አንተ ጽፈህ ለእሱ ሲሲ ማድረግ (ኢሜይሉን በግልባጭ መላክ) አያድንም።