ሊኑክስ ላይ ስለ አንቲ-ቺት ለጠየቅከው፦ ዲስትሮ ከመምረጥህ በፊት የጌሞችህን ዝርዝር ያዝ

ወንድሜ፣ «ዊንዶውስን ልተው ነው፤ ከጓደኞቼ ጋር ኦንላይን የምጫወታቸው ጌሞች አንቲ-ቺት (አጭበርባሪ ተጫዋች የሚይዝ ፕሮግራም) አላቸው፣ ሊኑክስ ላይ ይሠሩልኛል ወይ? የትኛውስ ዲስትሮ ይሻለኛል?» ላልከው ነው የምመልሰው። ኡቡንቱ ነው ፌዶራ የሚለው የዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) ክርክር ለአንተ ብዙም አይፈይድልህም። ጌም ከፍተህ ሰርቨር ላይ ስትባረር የሚያባርርህ ዲስትሮህ አይደለም። ፈቃዱ ያለው ጌሙን በሠራው ኩባንያ እጅ ነው። ይህን እንድታውቅ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩልህ፣ ምክንያቱም እኔ ላይ የደረሰው መንገላታት አንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

1. እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ኢዚ አንቲ-ቺትና ባትልአይ የሚባሉት ሁለት አንቲ-ቺቶች በፕሮቶን (የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው ፕሮግራም) በኩል ሊኑክስ ላይ መሥራት እንደሚችሉ ተነገረ። ግን እያንዳንዱ ኩባንያ ለራሱ ጌም ፈቅዶ ሊያበራው ይገባል። ስለዚህ አንድ ዓይነት አንቲ-ቺት ይዞ አንዱ ጌም ሲገባልህ ሌላው ይዘጋብሃል። ኤልደን ሪንግ በኢዚ አንቲ-ቺት ይሠራል፤ ራስት በዚያው አንቲ-ቺት የሚጠበቁ ሰርቨሮቹ ላይ አያስገባህም። ዴይዚና አርማ 3 በባትልአይ ይሠራሉ፤ ሬይንቦ ሲክስ ሲጅና ዴስቲኒ 2 አይሠሩም። ኤፒክ ራሱ የኢዚ አንቲ-ቺት ባለቤት ሆኖ የገዛ ጌሙን ፎርትናይትን ለሊኑክስ አልፈቀደም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

ምክንያታቸው ባዶ ነው አልልህም። ዊንዶውስ ላይ አንቲ-ቺቱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል፤ ሊኑክስ ላይ ግን እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ከከርነሉ ውጭ ነው የሚሠራው፣ ከርነሉን ደግሞ ባለቤቱ እንደፈለገ ሊቀይረው ይችላል። አጭበርባሪ ከዚያ ውስጥ ይደበቃል ብለው ይፈራሉ። በአጭበርባሪ መሸነፍ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም ካውንተር-ስትራይክ 2 እና ዶታ 2 በቀጥታ ለሊኑክስ ተሠርተው ያለ ምንም ጣጣ ይሠራሉ። ቫሎራንትን፣ አዳዲሶቹን ኮል ኦፍ ዱቲዎችና ባትልፊልድ 6ን ግን እርሳቸው፤ እነሱን ለማስነሳት እንቅልፍህን አትጣ።

2. ዛሬ የሚሠራው ነገ ሊዘጋ ይችላል። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ በዋይን (እንደ ፕሮቶን ባለ ፕሮግራም) ስንት ዘመን ሲሠራ ኖሮ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ቫንጋርድ የሚባለው አንቲ-ቺት ሲገባ ቆመ። ጂቲኤ ኦንላይን በመስከረም 2024 ባትልአይ ተጨመረለትና ሊኑክስ ላይ ተዘጋ። አፔክስ ሌጀንድስ ከ2022 ጀምሮ ተፈቅዶ ቆይቶ ጥቅምት 31 ቀን 2024 ተከለከለ።

የእኔ ከእነዚህ ሁሉ ሌላ ጌም ነው፣ ስሙ ይቆይ። ኩባንያው ራሱ «ለፕሮቶን ፈቅደናል» ብሎ በይፋ ስላወጀ አምኜ ገዛሁ፣ የሲዝን ፓስም እየገዛሁ ቆየሁ። አንድ ምሽት አፕዴት ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታ በገባሁ ቁጥር ከሰርቨር መባረር ሆነ። ለደንበኛ አገልግሎታቸው ጻፍኩ። የመጀመሪያው መስመሬ «የምጠቀመው ሊኑክስ ነው» ይላል። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «የዊንዶውስ ድራይቨርዎን ያድሱ፣ ጌሙን እንደ አስተዳዳሪ ይክፈቱ።» እንደገና አስረዳሁ፤ ሌላ ሰው ያንኑ ጽሑፍ ገልብጦ ላከልኝ። በመጨረሻ «ሲስተምዎ አይደገፍም፣ ገንዘብ አንመልስም፣ ባልተፈቀደ ሲስተም ለመግባት መሞከር ደንብ እንደ መጣስ ሊቆጠር ይችላል» አሉኝ። ገንዘቡስ ይሁን። በዕድሜዬ አንድም ቀን አጭብርብሬ የማላውቀውን ሰው እንደ አጭበርባሪ ማናገራቸው ነው እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ። የራሳቸውን ማስታወቂያ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው። ምንም ሳይመልሱ ጉዳዩን ዘጉት።

እኔ ግን አልተውኩም። ፓሱን የገዛሁበትን ሱቅ ያዝኩ። ማስታወቂያቸውን፣ የገዛሁበትን ቀን፣ አፕዴቱ የወረደበትን ቀን፣ የስህተት መልእክቱን በቅደም ተከተል አድርጌ ላክሁ። እዚያ ያገኘሁት ሰው አንብቦ የሚመልስ፣ ሥርዓት ያለው ሰው ነበር፤ የመጨረሻውን ፓስ ገንዘብ አስመለሰልኝ። ስለዚህ አንተም ገና ስትገዛ «ሊኑክስ እንፈቅዳለን» የሚለውን ቃላቸውን ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ። በእንደዚህ ዓይነት ጌም ላይ ደግሞ ለስኪን (ለጌሙ ጌጣጌጥ) ብዙ ገንዘብ አታፍስስ።

3. ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ ከገዛህ በ14 ቀን ውስጥና ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወትክ ገንዘብህ ይመለሳል። ያንን 2 ሰዓት ሴቲንግ ስትነካካ አትጨርሰው። ሜኑው ስለተከፈተ፣ ልምምዱ ስለሠራ አትደሰት፤ ብዙ ጊዜ የሚያባርርህ እውነተኛ ሰርቨር ከገባህ በኋላ ነው። በቀጥታ ግባና ሙሉ ጨዋታ ተጫወት። ከመግዛትህ በፊት የትኛው ጌም ሊኑክስ ላይ እንደተፈቀደ የሚዘረዝረውን «አር ዊ አንቲ-ቺት የት» የሚባለውን ድረ-ገጽ እይ። ተጫዋቾች ጌሙ እንዴት እንደሠራላቸው የሚጽፉበት ፕሮቶንዲቢ ላይ ደግሞ የቅርቡን ቀን አስተያየት ብቻ አንብብ፣ «በጣም ይሠራል» ከሚሉት ብዙዎቹ ብቻቸውን የተጫወቱ ናቸውና። ጌሙ የተፈቀደ ሆኖ እምቢ ካለህ ስቲም ላይብረሪህ ውስጥ ቱልስ የሚለው ጋ የኢዚ አንቲ-ቺት ወይም የባትልአይ ፕሮቶን ራንታይም (አንቲ-ቺቱን የሚያሠራው ረዳት ፕሮግራም) መጫኑን አረጋግጥ። አንድ ጓደኛዬ እሱ ብቻ ጎድሎት ሲስተሙን በሙሉ ሊያጠፋው ሲል ነው የደረስኩለት።

4. «ቨርቹዋል ማሽን (ሊኑክስ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ላይ ዊንዶውስ ጫን» የሚልህን አትስማ። ብዙዎቹ አንቲ-ቺቶች ቨርቹዋል ማሽን ይለያሉ፣ አካውንትህም ሊታገድ ይችላል። የዴስቲኒ 2 ሠሪዎች እገዳውን ለማለፍ የሚሞክር እንደሚታገድ በግልጽ ተናግረዋል። የዓመታት አካውንት ለዚህ አይሰጥም።

የማትተወው ጌም ካለህ ለዊንዶውስ የራሱን ዲስክ ስጠው፤ አንድ ዲስክ ከፍለህ ሁለቱን አታስቀምጥ። የዊንዶውሱን ፋስት ስታርታፕ (ቶሎ እንዲነሳ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ የሚያቆመውን ሴቲንግ) አጥፋ፣ አለዚያ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ለማንበብ ብቻ ነው የሚከፍትልህ። ዲስትሮ የሚያሳስብህ እዚህ ጋ ነው፦ ባትልፊልድ 6 ዊንዶውስ ላይም ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የተፈረመ ፕሮግራም ብቻ የሚያስገባው ጥበቃ) እንዲበራ ያስገድዳል፣ ኡቡንቱና ፌዶራ ደግሞ ሴኪዩር ቡት እንደበራ ይነሳሉ። ኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ካለህ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) መፈረም ስላለበት ሲጭን የሚጠይቅህን ፓስወርድ ዝም ብለህ አትለፈው፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ መልሶ ይጠይቅሃል። በዚህ መንገድ ለብዙ ጓደኞቼ አስተካክያለሁ፣ ሁሉም እየተጫወቱ ነው።

አሁን የጌሞችህን ስምና የግራፊክስ ካርድህን ዓይነት ጻፍልኝ፤ የትኛው እንደሚገባልህ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።