ኡቲ በባቡር ወይስ በመኪና?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ወንድሜን ለማሳከም ደቡብ ህንድ ኮይምባቶር ነው ያለሁት፣ 2 ቀን ትርፍ ስላለኝ ኡቲ የሚባል ተራራ ላይ ያለ ከተማ ሂጂ እያሉኝ ነው፣ በባቡር ይሻለኛል በመኪና? ብርዱስ እንዴት ነው?

መልስ፦ እህቴ ስትወጪ በባቡር ስትመለሺ በመኪና አድርጊው። ባቡሯ ከተራራው ግርጌ ካለችው ሜቱፓላያም ከተማ ጠዋት 1 ሰዓት አለፍ ሲል ትነሳለች፣ 46 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ትፈጃለች፣ አዎ ቀርፋፋ ናት ግን ውበቷ እሱ ነው፣ መንገድ ላይ እስካለችው ኩኑር ከተማ ድረስ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ ነው የሚገፋት፣ በሀዲዱ መሀል ባለው ጥርሳም ብረት እየተንጠላጠለች ዋሻ ውስጥ ስትገባ ጭሱ በመስኮት ይገባልና ነጭ ልብስ እንዳትለብሺ! በ2005 (በፈረንጆቹ) ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ወንበር ቶሎ ስለሚያልቅ ትኬቱን ቀደም ብለሽ ኦንላይን ቁረጪ፣ በዝናብ ወቅት ደግሞ አፈር ሲናድ ጉዞው ይሰረዛል።

ከተማው ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፣ ታች በላብ ተጠምቀሽ ወጥተሽ ማታ ጃኬት ትፈልጊያለሽ። በመኪና የምትሄጂ ከሆነ ኢ-ፓስ የሚባል በኦንላይን የሚወጣ የመግቢያ ፈቃድ አለ፣ ሹፌሩን አስቀድመሽ ጠይቂው። ኡቲ አጠገብ ያለው ዶዳቤታ ተራራ ጫፍ ላይ በጠዋት ውጪ፣ ረፈድ ካለ ጉሙ ሸፍኖት ከነጭ ነገር በቀር ምንም አታይም።