«ይጫኑ» ስንል ምኑን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከጓደኞቼ ጋር አንድ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራም ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ እያዘጋጀን ነው። መመሪያው ላይ «ፋይሉን ካወረዱ በኋላ ይጫኑ» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ጓደኛዬ ፋይሉን ክሊክ ማድረግ መሰለው፣ ሌላው ኢንስቶል ማድረግ። የቱ ነው ልክ? ለሊኑክስ ለመጫን የተዘጋጀውን ፋይል፣ «ፓኬጅ»ንስ፣ «ጥቅል» ልበለው?

መልስ፦ ሁለቱም በትክክል አንብበውታል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፣ ጣጣው እሱ ነው። «ጫ»ን አላልተህ ካነበብከው ቃሉ ከ«ጫነ» ይመጣል፣ ኢንስቶል ያድርጉ ማለት ነው። ካጠበቅከው ከ«ተጫነ» ነው፣ ቁልፍ መምታት።

በአፋችን ግን ሁለቱ ድሮም የተለያዩ ናቸው። ከአንጎለላ ገብሱን በአህያ ይዞ ገበያ የሚመጣ ገበሬ «ጫንኩ» ይላል እንጂ «ተጫንኩ» አይልም። «እንቅልፍ ተጫነኝ» የሚል ሰውም «ጫነኝ» አይልም። የመጀመሪያው ዕቃን ሌላ ነገር ላይ ማሳረፍ ነው፣ ሁለተኛው ከላይ ሆኖ መክበድ።

ስለዚህ «እርስዎ»ን ትተህ በ«እናንተ» ጻፍ። «ፕሮግራሙን ጫኑ»፣ «ቁልፉን ተጫኑ»። በቃ፣ ተለየ። አክብሮት ይጎድለዋል ብለህ አትስጋ፤ መመሪያ የሚያነበው ብዙ ሰው ነው።

አሉታ ላይ ግን ችግሩ ተመልሶ ይመጣል፤ «አትጫኑ» ለሁለቱም ይሆናል። በእናንተ ሥራ ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሊኑክስ ላይ ሶርስ ኮዱን ራሱ ኮምፓይል የሚያደርግ፣ ማለትም የተጻፈውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይር ሰው፣ መጀመሪያ «ሜክ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ ኢንተርን ይመታል፣ «ሜክ ኢንስቶል» ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ እርምጃ ነው፣ መሃል ላይ «ገና አትጫኑ» ብትለው ኢንተርን ይሁን ፕሮግራሙን በምን ያውቃል? እዚያ ጋ «ኢንተርን አትምቱ» ወይም «ገና ኢንስቶል አታድርጉ» በል። «ኢንስቶል» ማለት ነውር የለውም፣ ግልጽነት ይቀድማል።

«ጥቅል» ጥሩ ቃል ነው፣ ብቻውን ግን አትተወው። ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የኢንተርኔት ጥቅል ነው። በሊኑክስ ዓይነቱ «የኡቡንቱ ጥቅል»፣ «የፌዶራ ጥቅል» እያልክ ለየው፤ እንደዚያ ካደረግክ ኡቡንቱ ያለው ዴብ የሚለውን፣ ፌዶራ ያለው አርፒኤም የሚለውን ሳይሳሳት ያወርዳል። ለዊንዶውስና ለማክ «መጫኛ ፋይል» ይበቃል፤ ይሄን ከቁልፍ መምታት ጋር የሚያምታታው ሰው አላየሁም።