ክረምቱ እስኪወጣ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ሰኔ ላይ ከዛፍ የወደቀች የዋኔ ጫጩት አንስታ ቤቷ አሳድጋለች። አሁን ላባዋ ሞልቷል። ከመጋረጃው ወደ ቁም ሳጥኑ፣ ከቁም ሳጥኑ ወደ ልጅቷ ትከሻ ትበራለች። መልእክቱ የሚያልቀው በጥያቄ ነው። «ዶክተር፣ ልልቀቃት ወይስ ክረምቱ እስኪወጣ እኔ ጋ ትቆይ?»

ለመልሱ ሁለት መስመር ይበቃ ነበር። አልጻፍኩትም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ በረንዳ ወጣሁ። «ክረምቱ እስኪወጣ» የሚለውን ነገር እኔም አንድ ቀን ለአንድ ልጅ ብዬዋለሁ። ወደ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ከዚያ ይጀምራል።

ዘመኑ 1979 ዓ.ም. ነው። ደብረ ዘይት ከሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ከወጣሁ ገና ዓመቴ። የተመደብኩት ወሎ፣ ደሴ ነበር። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና ከሰዉ ፊት አልጠፋም። ሥራችን የከብት ክትባት ነው። ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዘን፣ በቅሎ ላይ ጭነን ገጠር ለገጠር እንዞራለን። ደስታ የሚባለውን የከብት በሽታ እናንተ የምታውቁት አይመስለኝም። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ የገባበትን በረት ባዶ አድርጎ ነው የሚወጣው። በምኒልክ ዘመን ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ ሲመጣ በሬውን ሁሉ የፈጀው እሱ ነው። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ላይ መጥፋቱ ታወጀ። ያን ቀን ሬዲዮ ከፍቼ ብቻዬን አለቀስኩ። በዚያ ሥራ ላይ የእኔም እጅ አለበት። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ፊቴ የሚመጡት ግን የከተብኳቸው ከብቶች አይደሉም። አንድ ጭብጥ የማይሞላ አረንጓዴ ወፍ ነው።

የተከራየሁት ከጦሳ ተራራ ግርጌ አንዲት ክፍል ነበረች። የአከራዬ ልጅ አሥር ዓመቱ ነው። ግንቦት ላይ አንድ ማታ በሬን አንኳኳ። ሹራቡን አውልቆ፣ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎታል። «ጋሼ፣ አንተ የእንስሳ ሐኪም ነህ አይደል?» አለኝ። ሹራቡን ሲገልጠው ወፉ አየኝ። ግራ ክንፉ ተንጠልጥሏል። የሰፈር ልጆች በወንጭፍ መትተውት ነው። ዘሩ የበቀቀን ነው። ጭራው አጭር፣ መንቁሩ ቀይ፣ ግንባሩም ቀይ። ግንባሩ የሚቀላው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ሁለመናዋ አረንጓዴ ናት። ልጁ ስም አውጥቶለት ነበር የመጣው። ቃሪያ።

እኔ ስለ ወፍ የተማርኩት ዶሮ ነበር። ፈንግል፣ የጫጩት ተቅማጥ፣ እሱን ነው የማውቀው። ቢሆንም ክንፉን ሰውነቱ ላይ አጥፌ በፋሻ አሰርኩት። ልጁ ነው የያዘልኝ። እጁ እየተንቀጠቀጠ «አመመው? አሁንስ አመመው?» ይለኛል። የወፍ አጥንት ቶሎ ይገጥማል። በሦስተኛው ሳምንት ፋሻውን ፈታሁት። መጀመሪያ ከአልጋዬ ወደ ወለሉ ወረደ። ቀጥሎ ከወለሉ ወደ ወንበሩ ዘለለ። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ክፍሏን ሁለት ጊዜ ዞሮ መጋረጃው ላይ ተቀመጠ። ልጁ አጨበጨበ። «ድኗል! ጋሼ፣ እንልቀቀው» አለ።

«ክረምቱ እስኪወጣ ይቆይ፤ ዝናቡ ይጎዳዋል» አልኩት።

ውሸት ነበር። እነዚህ ወፎች በዓለም ላይ ያሉት በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ዝናቡ አገራቸው ነው፣ ብርዱ አገራቸው ነው። የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ተደጋግፈው ያድራሉ። ቃሪያ ያን ክረምት ለማሳለፍ የእኔ ጣሪያ አላስፈለገውም። እኔ ነበርኩ የፈለግሁት። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ከተማው ውስጥ ዘመድ የለኝም። ማታ ስገባ ድምፄን ሰምቶ ይጮኻል። መብራት ሲጠፋ የኮቴ ኮሌታ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ትንሽ ሙቀቱ አንገቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ይህን ለአሥር ዓመት ልጅ መናገር ስላፈርኩ በዝናቡ አሳበብኩ።

ልጁ አመነኝ። ሐምሌ ላይ አያቱ ዘንድ ሐይቅ ሲሄድ «ከመስቀል በፊት እመጣለሁ፤ እኔ ሳልመጣ እንዳትለቀው፣ ማለልኝ» አለ። ማልኩለት።

ነሐሴ ገባ። የደሴን ነሐሴ ያየ ያውቀዋል። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጃፍ ላይ ይቆማል። በቡሄ ዋዜማ ማታ ልጆቹ ውጭ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ቃሪያ ላባውን ነፍቶ ተቀምጧል። በርዶታል ብዬ ከሰል አቀጣጠልኩ። መስኮቱን ዘጋሁ። በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ በጋዜጣ ደፈንኩት። ከሽቦ የሠራሁለትን ቤት ወደ ምድጃው አስጠጋሁ። ራሴን ትንሽ ወግሮኝ ነበር፤ የድካም መሰለኝ። ጎረቤት ሙልሙል ቅመስ ብለው ጠሩኝና በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ አልቆየሁም።

ስመለስ ቃሪያ የሽቦው ቤት ወለል ላይ ወድቋል። ገላው አልቀዘቀዘም ነበር። እጄ ላይ ይዤው ውጭ ወጣሁ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። ንጹሕ አየር ካገኘ ይነሣል ብዬ ነው። አልተነሣም።

ተምሬው ነበር እኮ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የወፍ ሳንባ እንደ እኛ የሚነፋና የሚጨማደድ አይደለም። የአየር ከረጢቶች አሉት። አየሩ በሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈሳል። ሲያስገባም ሲያስወጣም ኦክሲጅን ይወስዳል። ያ ሁሉ በረራ የሚቻለው በዚህ ነው። አየሩ ውስጥ መርዝ ካለም በዚያው ፍጥነት ይወስደዋል። የዶሮ ሳንባ ሥዕል ፈተና ላይ መጥቶልኝ በደንብ መልሻለሁ። በእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ካናሪ የምትባል ወፍ ይዘው ይወርዱ ነበር። የከሰሉ መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ ከሰው ቀድሞ እሷን ይጥላታል፤ ሰዎቹ አይተው ይወጣሉ። በወፏ ፋንታ መሣሪያ እንዲገባ የተወሰነው ያንኑ ዓመት፣ 1979 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ መሆኑን ያነበብኩት በኋላ ነው። የእኔ ክፍል ውስጥ ነሐሴ ላይ ቃሪያ ያንኑ ሥራ ሠራ። ያን ማታ ጎረቤት ባይጠሩኝ፣ በዚያ ክፍል ዘግቼ ብተኛ፣ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ከሰል እያጨሰ ባይሆን እንኳ፣ ፍሙ ቀልቶ አምሮ እንኳ፣ በተዘጋ ቤት አታስገቡት። ለወፍም ለራሳችሁም። ወፍ ያላችሁ ደግሞ የማያጣብቀውን መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ረስታችሁ አትሂዱ፤ ሲግል የሚተነው ነገር ይገድላቸዋል። እኔ ቤት ቡና ሲፈላ እጣኑ ሳሎን ነው፤ ወፎቹ ያሉት በረንዳ ነው፤ መሐል ያለው በር ይዘጋል። ባለቤቴ ይህን ለምን እንደማጠብቀው ጠይቃኝ አታውቅም።

ልጁ የመጣው ጳጉሜን 3 ቀን ነው። ልክ እንደ ዛሬ የሩፋኤል ዝናብ እየዘነበ ነበር፤ የግቢው ልጆች ተራቁተው ይታጠባሉ። እሱ ሳይታጠብ፣ ቦርሳውን ሳያወርድ ወደ እኔ ሮጠ። ኪሱ ሁለቱም አብጧል። ለቃሪያ ከሐይቅ ሾላ ለቅሞ አምጥቶ ነው። ግማሹ ኪሱ ውስጥ ፈርጧል።

«ሽቦው ተከፍቶ በረረ» አልኩት።

ፊቱ ጨለመ። ጥቂት ዝም አለ። «ክንፉ ጥሩ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ነበር አልኩት። ከዚያ ፈገግ አለ። «በቃ ደህና ነው ጋሼ፤ አንተ ምን ታደርግ» አለኝ። ይቅርታ ያደረገልኝ ላላጠፋሁት ጥፋት ነበር። ያጠፋሁትን አያውቅም። ሾላውን ወስዶ በግቢው ግንብ ላይ ደረደረው፤ ምናልባት ርቦት ቢመለስ ብሎ። በማግስቱም እንዲሁ። ጥቅምት ድረስ ያገኘውን ሁሉ እዚያ ያኖር ነበር። አንድ ቀን እየሮጠ መጥቶ «አየሁት! ከሌሎች ጋር ነው፣ ግንባሩ ቀይ ነው!» ብሎ እጄን ያዘኝ። አንድ መንጋ አረንጓዴ ወፍ በጥዶቹ ላይ እየጮኸ አለፈ። «እሱ ነው» አልኩት። ሁለተኛ ዋሸሁት። በዓመቱ ሌላ ቦታ ተመደብኩና ተለያየን።

የዛሬ ወጣቶች ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የወደቀ ወፍ ስታገኙ መጀመሪያ ስልክ ታወጣላችሁ። ወፍ ፊት ስልክ መደቀን ማለት ጭልፊት ፊቱ ቆመ ማለት ነው፤ ልቡ በድንጋጤ ሊቆም ይችላል። መጀመሪያ ካርቶን፣ ጨለማ፣ ሙቀት። ደግሞ እናንተ ትጠይቃላችሁ። ይህን ሳስብ ንዴቴ ይበርዳል። እኛ አንጠይቅም ነበር። ሐኪም ተብዬ ማንን ልጠይቅ? ያቺ ልጅ ያለ ሐፍረት መጠየቋ እኔ በእሷ ዕድሜ ካደረግሁት ሁሉ ይበልጣል።

ወተት የምታጠጡም አላችሁ። ወፍ የላም ወተት መፍጨት አይችልም። ርግብና ዋኔ ለጫጩቶቻቸው ጉሮሯቸው ሥር ካለው የምግብ ከረጢት እንደ ወተት ያለ ነገር ያወጣሉ፤ እሱ ሌላ ነው። ውኃም በግድ አፉ ውስጥ አታንጠባጥቡ። የአየር ቧንቧው የሚከፈተው ምላሱ ሥር ነው፤ ሳንባው ይገባል። ሰው የነካትን ጫጩት እናቷ ትተዋታለች የሚባለውም ልክ አይደለም። ጎጆውን ካያችሁት መልሷት።

እኔ ዛሬ ቢሾፍቱ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ ሁለት ዋኔዎች አሉ። አንዷን ባጃጅ ገጭቷት የክንፏ ጫፍ ተቆርጧል። ከዚህ በኋላ አትበርም። ጠዋት ሳይነጋ ትጀምራለች፤ የእሷን ድምፅ ሰምቼ ነው የምነሣው። ማሽላ፣ ዳጉሳና ትንሽ ኑግ እሰጣቸዋለሁ። ሜሪላንድ ያለችው ልጄ አንድ ጊዜ ፎቶ ላከችልኝ። ሱቅ ውስጥ በከረጢት የታሸገ ኑግ ነው፤ እዚያ የሚሸጠው ለግቢ ወፎች ነው። ከኢትዮጵያም ይሄዳል። እናቴ በጾም የምትወቅጠው ኑግ! መስኮቷ ላይ ሰቅላው ቢጫ ወፎች መጥተውላታል። «አባዬ፣ የመስቀል ወፍ ይመስላሉ» አለችኝ።

እኛ ሰፈር የመስቀል ወፍ የምንላት ቢጫና ጥቁር ናት። ልጅ ሆኜ ከመስቀል በኋላ ወዴት እንደምትሄድ አባቴን አስጨንቀው ነበር። የትም አትሄድም። በክረምት ያን ልብስ የሚለብሰው ወንዱ ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ይጥላል፣ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ጥር ላይ አጥር ላይ የምናያት ተራ ወፍ እሱ ነው።

ሁለተኛዋ ዋኔ... ስለ እሷም ልናገር። ክንፏ ከዳነ አራት ወር ሆኖታል። በረንዳው ጫፍ ድረስ ትበራለች። በሩን ግን አልከፈትኩም። ለጓደኛዋ ስል ነው እላለሁ። ይህን ስጽፍ ምክንያቱን ከየት እንደማውቀው ገብቶኛል።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፤ ልቀቂያት። ከባድ ዝናብ በሚወርድበት ቀን አይሁን፤ እዚህ ላይ ልክ ነሽ፣ ጥቂት ቀን መጠበቅ ይቻላል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ፣ ያገኘሻት ዛፍ አጠገብ፣ ሌሎች ዋኔዎች ባሉበት። ቤቷን ክፍት አድርጊው። እህል አጠገቡ ተዪ። ለመሄድ ሁለትና ሦስት ቀን ልትወስድ ትችላለች፤ አታባርሪያት፣ አትጥሪያትም። መስከረምና ጥቅምት ሣሩ ሁሉ ፍሬ ይይዛል፣ አትራብም። እኔም የእኔን በዚያው ሰሞን እከፍትላታለሁ።

ሌላው ቃል ለአንድ ሰው ነው። አሁን ሃምሳ ዓመት ሊሞላህ ነው። ይህ ደብዳቤ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም። ቃሪያ አልበረረም። በቡሄ ዋዜማ፣ በእኔ ጥፋት፣ በከሰል ሞተ። ያን ማታ በባትሪ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። የቀበርኩት ግንቡ ሥር ነው፤ አንተ ሾላውን ትደረድር ከነበረበት በታች።